ኢንተርኔት ሲቋረጥ መዝገቡ የት ይቆያል?

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የሚሠራው በብሮውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚከፈትበት ፕሮግራም፣ አማካይነት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ አምበርን በመሰለች የአነደድ ወረዳ ከተማ የተመዘገበ ቁጥር መሥመሩ እስኪመለስ በኮምፒዩተሩ ውስጥ መቆየት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን የሚያስችለው ኢንዴክስድ ዲቢ የተባለው፣ በብሮውዘሩ ውስጥ የሚገኝ ዳታቤዝ ነው። መዝገቦች በየዓይነታቸው በተለያዩ ማከማቻዎች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ከሌላው የሚለይበት ቁልፍ አለው። አንድን መዝገብ ለማውጣት ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ዳታቤዙን ይከፍታል፣ ቀጥሎም ለንባብ ብቻ የሚያገለግል ትራንዛክሽን፣ ማለትም በአንድነት የሚከናወን የሥራ ክፍል፣ ጀምሮ ቁልፉን በመስጠት ይጠይቃል። ቁልፉ በማይታወቅበት ጊዜ፣ ለምሳሌ የአንድ ወር ሪፖርቶች በሙሉ ሲፈለጉ፣ አስቀድሞ በወር የተዘጋጀ ማውጫ ካለ በእርሱ በኩል መዝገቦቹን አንድ በአንድ ማንበብ ይቻላል።

መልሱ ወዲያው አይመጣም፤ ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ገጹ ሌላ ሥራውን ይቀጥላል፣ ውጤቱም ሲደርስ ይነገረዋል። የተጠየቀው ቁልፍ ከሌለ ደግሞ የሚመለሰው የስህተት መልእክት ሳይሆን ባዶ ውጤት ስለሆነ፣ ይህን ለይቶ ለተጠቃሚው በግልጽ ማሳወቅ የፕሮግራም ሠሪው ግዴታ ነው።

ዳታቤዙ የሚገኘው በዚያው ኮምፒዩተርና በዚያው ብሮውዘር ብቻ በመሆኑ፣ የብሮውዘሩን የድረ ገጽ መረጃ የሚያጸዳ ባለሙያ አስቀድሞ ሪፖርቱ መላኩን ያረጋግጥ።