ፀጉር የሚያበቅለው መድኃኒትና አጠቃቀሙ

ለፀጉር መሳሳት ከሚቀቡ መድኃኒቶች በስፋት የሚታወቀው ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የተሠራው ለደም ግፊት ነበር። አፕጆን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያዘጋጀው ክኒን እ.ኤ.አ. በ1979 ለከባድ የደም ግፊት ተፈቀደ። ደም ሥርን እያሰፋ ግፊቱን ሲያወርድ ግን የሚወስዱት ሰዎች ፊትና ክንድ ሳይቀር ፀጉር ያበቅል ነበር። ኩባንያው ይህንኑ ተከትሎ የሚቀባ ፈሳሽ አወጣ፤ 2 በመቶ ሚኖክሲዲል ያለበት በ1988 ሮጌይን በሚል ስም ለወንዶች ተፈቀደ። በ1996 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ጀመር። ዛሬ ከሻምፖ ጎን ተደርድሮ ሲታይ መዋቢያ ይመስላል። መድኃኒትነቱ ግን አልቀረም።

የሚጠቅመው በዘር ለሚመጣ መሳሳት ነው፤ በወንዶች አናት ላይ፣ በሴቶች ደግሞ በፀጉር መክፈያው መስመር ግራና ቀኝ ለሚታየው። ቆረቆርን አያድንም፤ በደም ማነስ ወይም በታይሮይድ ሕመም የሚረግፍ ፀጉርም መንስኤው ካልታከመ አይመለስም። በጣም የጠበቀ ሹሩባ ለዓመታት እየጎተተ ያሳሳው የግንባር ዳር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ላላ ያለ ጉንጉን ነው። በድንገት በክብ በክብ የሚመለጥ፣ የሚቀላ ወይም የሚቆስል ራስ ለሐኪም መታየት አለበት።

ፈሳሹ የሚቀባው ቆዳው ላይ ነው። ፀጉር ላይ የቀረው ከንቱ ነው። ራስ ደርቆ፣ ፀጉሩ በጣት ተከፍሎ፣ የሳሳው ቦታ ይገለጣል፤ 1 ሚሊ ሊትር እዚያው ይንጠባጠብና በቀስታ ይዳረሳል። የተለመደው መጠን ጠዋትና ማታ ነው፤ ለሴቶች የሚሸጠው 5 በመቶ አረፋ ግን በቀን አንዴ ይበቃል። መጠኑን መጨመር ፀጉሩን አያፈጥንም፤ የተረሳንም በእጥፍ ማካካስ አያስፈልግም። ከተቀቡ በኋላ እጅ ወዲያው ይታጠባል፣ ራስን ለመታጠብ 4 ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ብዙዎቹ ፈሳሾች አልኮል ስላለባቸው እስኪደርቁ ድረስ ከሲጋራና ከምድጃ መራቅ ያሻል።

ከጤናማ ቆዳ ወደ ደም የሚገባው ከተቀባው 1.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቆዳው ሲቆስል፣ በፀሐይ ሲቃጠል ወይም ሌላ መድኃኒት ሲቀባበት ግን መጠኑ ይጨምራል። የልብ ትርታ መፍጠን፣ የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ የእጅና የእግር ማበጥ ከታየ መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል፣ ሐኪምም ይጠየቃል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ያማክር። ከ18 ዓመት በታች ላሉ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች አይመከርም።

ቀለል ያለው ችግር ማሳከክ ነው፤ ብዙ ጊዜ መንስኤው በፈሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል ስለሆነ ይህ ወደሌለበት አረፋ መቀየር ይረዳል። ወደ ግንባርና ጉንጭ የወረደ ጠብታ ደግሞ በተለይ ሴቶችን ፊታቸው ላይ ፀጉር ያበቅልባቸዋል። ማታ ከመተኛት ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ መቀባት የሚመከረው ትራሱ ፊት ላይ እንዳያዛውረው ነው። መዛወሩ ሌላውንም ይነካል፦ አውሮፓ ውስጥ አባቶቻቸው የሚቀቡ ጨቅላዎች ሰውነታቸው ላይ ፀጉር በቅሎባቸው፣ አባቶቹ ሲተዉት በወራት ውስጥ ጠፍቷል። ለድመት ደግሞ ጥቂቱ እንኳ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ትዕግሥት የሚፈታተነው መጀመሪያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ይባስ ሊረግፍ ይችላል፤ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ጭራሽ ጨረሰኝ» ብሎ ይተወዋል። ለውጡ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 ወር በኋላ ነው፤ መጀመሪያም የሚወጣው ስስ ለስላሳ ፀጉር ነው። የሠራለት ሰው መቀባቱን መቀጠል ይኖርበታል፤ ካቆመ አዲስ የበቀለው በ3 ወይም በ4 ወር ውስጥ ይረግፋል።