የወረዳ ምክር ቤት እንዴት ይወስናል? ከማጽደቅ በፊት ስላለው ሥራ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የወረዳ ምክር ቤት አባላት እጃቸውን አውጥተው በጀቱ «ጸድቋል» ሲባል፣ በእርግጥ የወሰነው ማን ነው?

ከሕጉ እንነሣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ዝርዝሩን ግን ለክልሎች ትቶታል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል ወረዳዎች ከክልሉ ጥቅል ድጎማ እየተቀበሉ ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደረገ። የምክር ቤቱ ድምፅ የገንዘብ ክብደት ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ምክር ቤቱ ነዋሪዎች በቀጥታ የመረጧቸው ተወካዮች ጉባኤ ነው። ዋና አስተዳዳሪውን ይመርጣል፤ በእርሱ አቅራቢነት የካቢኔውን ሹመት ያጸድቃል። የራሱን ሥራ የሚመራው ግን በአፈ ጉባኤውና በቋሚ ኮሚቴዎቹ አማካይነት ነው። ምልዓተ ጉባኤው ሲሟላ ይሰበሰባል፣ በድምፅ ብልጫ ይወስናል፣ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

ሥርዓቱ ይህ ሆኖ ሳለ ሚዛኑ የሚያጋድልበት ስፍራ አለ። ካቢኔው ዓመቱን ሙሉ በሥራ ላይ ነው፤ ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። የበጀት ረቂቁን የሚያሰናዱት የካቢኔው ባለሙያዎች ናቸው። ከካቢኔው አባላት ብዙዎቹ የምክር ቤቱም አባላት በሚሆኑበት ጊዜ ተቆጣጣሪውና ተቆጣጣሪ የሚያሻው አንድ ይሆናሉ።

ምሳሌ እናስብ። የወረዳው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። የተረፈው አንድ የውኃ ጉድጓድ ብቻ ያስቆፍራል፤ የጠየቁት ግን ሁለት ቀበሌዎች ናቸው። ረቂቁ አንደኛውን መርጦ ቀርቧል። አባላቱ ሰነዱን ያገኙት በስብሰባው ዕለት ጠዋት ከሆነ፣ ምርጫው በምን መስፈርት እንደተደረገ ለመጠየቅ የሚያስችል መረጃ የላቸውም። እጅ ይወጣል፤ ውሳኔው ግን ቀድሞ አልቋል። የሌላው ቀበሌ እናቶች ወንዝ ወርደው ውኃ ሲቀዱ ይከርማሉ፤ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳቸውም የለም።

ሰነዱ ቀደም ብሎ ለበጀት ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ቢደርስስ? ኮሚቴው ሁለቱን ቀበሌዎች ይጎበኛል፣ መስፈርቱን ይመረምራል፣ አስተያየቱን በጽሑፍ ለጉባኤው ያቀርባል። ገንዘቡ አይጨምርም፤ የተከለከለው ቀበሌ ግን ምክንያቱን ያውቃል፣ ለከርሞም ይከራከራል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ለጥናት ወደ ወረዳ ስትወጡ ስንት ውሳኔ እንደጸደቀ ብቻ አትቁጠሩ። ቃለ ጉባኤውን ገልጣችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ሰነዱ ለአባላት መቼ ደረሰ? ማን ምን ጠየቀ? የተቃውሞና የድምፀ ተዓቅቦ ቁጥር ተመዝግቧል? ምክር ቤቱ ራሱን ማስተዳደሩ የሚታወቀው ከእነዚህ መልሶች ነው።