መሪ የሌለው ባቡር ኩርባውን እንዴት ያልፋል?

ከመገናኛ ወደ አያት የሚሄደው ቀላል ባቡር እንደማንኛውም ባቡር መሪ የለውም። ታዲያ ከሐዲዱ ለምን አይወጣም? መልሱን ቤት ውስጥ ከሚጣል ዕቃ ፉርጎ ሠርተን እንየው።

ምሳሌያችን እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ለገሃር የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ይሁን። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ ለ20 ስናካፍለው 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አካሉ የጫማ ካርቶን ነው። ለጎማ አራት የሽሮፕ መለኪያዎችን ሁለት ሁለቱን አፍ ለአፍ እናጣብቅና መሐላቸውን በሽቦ እንወጋለን። የሽቦው ጫፎች ካርቶኑ ሥር በተለጠፈ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ላላ ብለው ይዞራሉ።

ካርቶኑ ላይ ከመግጠማችን በፊት ግን አንዱን ጥንድ ጎማ ብቻውን፣ 5 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት ዘንጎች ላይ ቁልቁል እንልቀቀው። ወደ ቀኝ ቢሸሽ የቀኙ ጎማ በወፍራም በኩሉ ይረግጣል፤ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚሄድ ወደ መሐል ይመለሳል። መለኪያዎቹን ቂጥ ለቂጥ ካጣበቅናቸው ግን ወዲያው ይወድቃል።

የእውነተኛው ፉርጎ ጎማም ወደ ውስጥ ወፈር ያለ ነው፤ ሁለቱም ባንድ ዘንግ ታስረው አብረው ይዞራሉ። በውስጥ በኩል ያለው ከንፈር የመጨረሻ መከላከያ ነው እንጂ ዋናው መሪ አይደለም። ጎማው ሲበላ በቶርኖ እንደገና ቅርጹን የሚይዘውም ለዚሁ ነው።