ንጥረ ነገሮች በብርሃናቸው እንዴት ይታወቃሉ?

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



ቡታ ጋዝ በሚነድበት ወጥ ቤት የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጨው የገባበት ወጥ ገንፍሎ በነበልባሉ ላይ ሲፈስስ፥ ሰማያዊ የነበረው እሳት ለጥቂት ጊዜ ብጫ ይሆናል። ይህ ብጫ ቀለም በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የተባለው ንጥረ ነገር ማንነቱን የሚገልጽበት ምልክት ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት በእንዲህ ያለው ምልክት እየተመሩ በዓይን የማይታየውን እንዴት እንደሚያውቁት ዛሬ በአጭሩ እናስረዳለን።

በአቶም ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በተወሰኑ የኀይል እርከኖች ላይ ይገኛሉ እንጂ በሁለት እርከኖች መካከል አይቆሙም። ሙቀት ሲያገኙ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣሉ፤ ተመልሰው ሲወርዱም ትርፉን ኀይል በብርሃን መልክ ይለቁታል። የእርከኖቹ አቀማመጥ በየንጥረ ነገሩ የተለያየ ስለ ሆነ፥ የሚወጣው ብርሃንም እንዲሁ የተለያየ ነው።

ነገር ግን ዓይን ብቻውን በቂ ዳኛ አይደለም። የፖታሲየም ነበልባል ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ሶዲየም ቢቀላቀልበት ብጫው ይሸፍነዋል። ስለዚህ ብርሃኑን ፕሪዝም በተባለው ባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት አሳልፎ መበተን ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የየንጥረ ነገሩ ብርሃን በየቦታው እንደ ቀጭን መስመር ተለይቶ ይታያል።

ይህንን ዘዴ በሃይድልበርግ ከተማ ከ1859 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) በሚገባ ያደራጁት ቡንሰንና ኪርሆፍ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ናቸው። በ1860 ከዱርክሃይም ምንጭ የተቀዳውን ውሃ ሲመረምሩ፥ ከሚታወቀው ንጥረ ነገር ሁሉ የማንም ያልሆኑ ሁለት ሰማያዊ መስመሮች አዩ። አዲሱንም ንጥረ ነገር ሴሲየም አሉት። ቡንሰን ጥቂት ግራም የሴሲየም ጨው ለማግኘት ከ40,000 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ማትነን ግድ ሆነበት፤ ብርሃኑ ግን አስቀድሞ በጥቂት ጠብታ መስክሮለት ነበር።

ኪርሆፍ ደግሞ አንድ ንጥረ ነገር ሲግል የሚሰጠውን ብርሃን፥ ትነቱ ከሌላ ብርሃን ላይ መልሶ እንደሚውጥ አስረዳ። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከሚታዩት ጥቁር መስመሮች አንዳንዶቹ የሶዲየም መሆናቸው የታወቀው በዚህ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦገስት ኮምት በ1835 የከዋክብት ጥንተ ነገር ለሰው ከቶ ሊታወቅ አይችልም ብሎ ነበር፤ ይህ ቃል ሠላሳ ዓመት እንኳ አልቆየም።

ይኸው የመዋጥ ጠባይ መጠንን ለመለካትም ይረዳል። አለን ዋልሽ በአውስትራሊያ ሲሠራ በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ መንገዱን አሳየ። እርሳስ የተባለው ብረት በመጠጥ ውሃ ውስጥ እንዳለ ለማወቅ፥ ናሙናው በብርቱ ሙቀት ወደ አቶም ትነት ይለወጣል። ከዚያም የእርሳስን ብርሃን የሚሰጥ መብራት በትነቱ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ብርሃኑ በቀነሰ መጠን እርሳሱ በዝቷል ማለት ነው።

በውሃ የሟሟ እርሳስ መልኩም ጣዕሙም አይታወቅም፤ የሕፃናትን አእምሮ ግን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሰጠው መመሪያ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ነው፤ ይኸውም ከውሃው ክብደት ከመቶ ሚሊዮን አንዱ እጅ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ምላስም ሆነ ዓይን አይደርስበትም።

ሆኖም መሣሪያው የቀረበለትን ብቻ ይናገራል። ጠርሙሱ በደንብ ካልታጠበ የጠርሙሱን እድፍ የውሃው አድርጎ ይቈጥራል፤ መጠኑ አስቀድሞ ከታወቀ ፈሳሽ ጋር ካልተነጻጸረም ቍጥሩ ትርጉም የለውም። ስለዚህ የውሃ ምርመራ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው ሰው ከመፈረሙ በፊት፥ ናሙናው እንዴት እንደ ተቀዳና ከምን ጋር እንደ ተነጻጸረ ቢጠይቅ ሥራ ማጓተት አይባልም። ያን ውሃ የሚጠጡት ልጆች ራሳቸው ሊጠይቁ አይችሉምና።