በረመዳን ጁምዓ የወረደ ቦምብ



እዚህ ወሎ ሰፈር ቁርኣን ከምናስቀራቸው ልጆች አንዱ ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ጥያቄ አነሳብን፦ «ጣሊያን መስጊድ ያሠራልን ስለሚወደን ነበር እንዴ?» ጥያቄው የልጅ ቢሆንም መልሱ የትልቅ ሰው ነው። ቤተሰብ በኢፍጣር ማዕድ ዙሪያ እንዲነጋገርበት እዚህ ልናነሳው ወደድን።

ሰፈራችን በወሎ ስም ይጠራልና ከደሴ እንጀምር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዕለቱ ጁምዓ ነበር። በሂጅራ አቆጣጠር 1354፣ ወሩ ረመዳን፣ ጾሙ ከተያዘ አሥር ቀን ገደማ። ሱሑሩን በልቶ ሱብሒን በሰገደ ሕዝብ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች በጠዋት ቦምብ አወረዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ለሰሜኑ ጦርነት ደሴ ከትመው ነበር። ቦምቡ ግን ወታደሩን ከሰላማዊው፣ ጾመኛውን ከሌላው አልለየም። ቤቶች ተቃጠሉ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም።

አሁን ወደ ስድስት ኪሎ እንሂድ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ያም ቀን ጁምዓ ነበር፤ ዒደል አድሐ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠራ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩበት ወታደሮቹ እጃቸውን ለምጽዋት በዘረጉት ላይ ተኮሱ። ግድያው በከተማዋ ሦስት ቀን ዘለቀ። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብላ ትዘክራለች። የስድስት ኪሎው ሐውልት የእነርሱ መታሰቢያ ነው።

በተከታዩ ወር፣ መጋቢት 1929፣ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ በፈረስ ተቀምጦ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ተቀበለ፤ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝም አለ። በዚያችው ሊቢያ ከ70 ዓመት በላይ የነበሩትን የቁርኣን መምህር ዑመር ሙኽታርን መስከረም 1924 የሰቀለው የእርሱ መንግሥት ነው። በዚያ ዘመን ጦሩን ይመራ የነበረውም ይኸው ግራዚያኒ ነው።

እንግዲህ ለልጁ የሰጠነው መልስ ይህ ነው፦ መስጊድ የአላህ ቤት ነው፤ ማንም ያሠራው ማን፣ የምንሰግድበት ለአላህ ነው። በዚያ መስገዳችን አያሳፍረንም። ሥራ ግን የሚመዘነው በኒያው ነው። ወራሪው መስጊድ ያሠራውና ዐረብኛን የፈቀደው ሙስሊሙን ከክርስቲያን ጎረቤቱ ለመለየት ነበር። በረመዳን ጁምዓ ደሴን የደበደበ እጅ የፍቅር እጅ ሊሆን አይችልም። ይህን ስንናገር ግን በዛሬው የጣሊያን ሕዝብ ላይ ቂም እንድንይዝ አይደለም፤ ዲናችን የጠላነውንም ሰው ቢሆን በፍትሕ እንድንመዝን ያዝዘናል።

ወላጆች ሆይ! ከዒድ በፊት አንድ ቀን ልጆቻችሁን ስድስት ኪሎ ውሰዷቸው፤ በሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች እያሳያችሁ አስረዷቸው። ደሴ ላሉ አያቶቻችሁም ስልክ ደውሉ፤ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ጠይቁና ጻፉት። ያንን ጁምዓ በዓይናቸው ያዩት አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ከእነርሱ የሰሙትም እያረጁ ነው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ አገራችንን ከጦርነት ይጠብቅልን። አሚን!