ሕመሙን የሸሸገ መንገደኛ

ለአጭር ጊዜ ትምህርት ወይም ለስብሰባ ወደ አውሮፓ የሚላክ ወጣት ከሚያሰናዳቸው ወረቀቶች አንዱ የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ መሠረት፥ የሼንገን አገሮችን የአጭር ጊዜ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ድንገተኛ ሕክምናን፥ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን የሚሸፍን፥ ልኩም ከ30,000 ዩሮ የማያንስ ዋስትና ማቅረብ አለበት። በቆንስላው ዘንድ የሚታየው የገንዘቡ ልክ፥ ዋስትናው የሚጸናበት አገርና ጊዜ ነው እንጂ የመንገደኛው የቆየ ሕመም አይደለም። ስለዚህ ቪዛው ከተመታ በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የወረቀቱ ዋጋ የሚፈተነው በሆስፒታል በር ላይ ነው።

የኢንሹራንስ ኩባንያ ውል የሚገባው ገና ላልደረሰ፥ ይድረስ አይድረስም ለማይታወቅ አደጋ ነው። ስለሆነም ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም፥ ለምሳሌ የስኳር በሽታ፥ የደም ግፊት ወይም አስም፥ በብዙ ውሎች ውስጥ ተለይቶ ይወጣል፤ ወይም ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት ይገባል። «የነበረ» የሚባለውም ሐኪም ስሙን የነገረን ሕመም ብቻ አይደለም። ውሉ በወሰነው ጊዜ ውስጥ ምልክቱ የታየ ወይም መድኃኒት የተወሰደበት እንደ ሆነ ሊቈጠር ይችላል።

እንግዲህ አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፥ ሕመሜ ቢታወቅ ከጉዞው ያስቀሩኛል ብሎ በመፍራት፥ «የቆየ ሕመም አለብዎን?» ለሚለው ጥያቄ «የለብኝም» ብሎ ፈረመ እንበል። በሮማ ከተማ ስኳሩ ከፍ ብሎበት ሆስፒታል ቢገባ፥ ሐኪሙ አስቀድሞ ከሚጠይቀው ነገር አንዱ የቆየ ሕመሙና የሚወስደው መድኃኒት ነው፤ መልሱም በካርዱ ላይ ይጻፋል። ኩባንያው ደግሞ ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ያንኑ ካርድ ሊያስመጣ ይችላል። የተደበቀው ነገር በሰውየው በራሱ አንደበት ተገለጠ ማለት ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ፥ ኩባንያው ቢከፋ ስኳሩን ብቻ ከውሉ ያወጣበት ነበር፤ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር ግን ዋስትናው ይጸናለት ነበር። አውቆ የሸሸገ እንደ ሆነ ግን ውሉ ከነሥሩ ሊፈርስ፥ የእግሩም ሒሳብ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ፥ ውል ገቢው ዋናውን ነገር ሆን ብሎ ቢሸሽግ ውሉ እንዳይጸና ይደነግጋል።

ስለዚህ መንገደኛው ቅጹን መሥሪያ ቤቱ ወይም የጉዞ ወኪሉ ቢሞላለትም ሳያነብ መፈረም አይገባውም። ሕመሙን ገልጾ፥ ኩባንያው መቀበሉን ወይም አለመቀበሉን በጽሑፍ ይጠይቅ። የሕመሙንና የመድኃኒቱን ስም የያዘ የሐኪም ደብዳቤ ያስጽፍ፤ መድኃኒቱንም በእጅ ሻንጣው ይያዝ። ቢታመም፥ ፋታ ካገኘ፥ በውሉ ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ አስቀድሞ ይደውል፤ ደረሰኙንና የሐኪሙንም ማስረጃ አንድ ሳያስቀር ይሰብስብ።

አባቶቻችን «ሕመሙን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በሰው አገር ደግሞ ሕመሙን የሸሸገ ከፋይም አይገኝለትም።