ክንድ ተሰብሮ እጅ ሲዝል

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎቹ ሠፈሮች ባጃጅና ሞተር ሳይክል የብዙዎቻችን መጓጓዣ ናቸው። በአደጋ የላይኛው ክንዱ የተሰበረ ሰው አንዳንዴ የእጁን አንጓ ቀና ማድረግ ያቅተዋል። ቤተሰብም «እጁ ሽባ ሆነ» ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ ምንድን ነው?

ከአንገት የሚነሡ ነርቮች በብብት አልፈው ወደ ክንድ ይወርዳሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ራዲያል የተባለው፣ የላይኛውን ክንድ አጥንት በጀርባ በኩል ተጠግቶ ይዞራል። አንጓንና ጣቶችን ቀና የሚያደርጉትን ጡንቻዎች የሚያዘው እርሱ ነው። አጥንቱ መሐሉ ላይ ሲሰበር እርሱም ሊጎዳ ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ ይለጠጣል ወይም ይጨፈለቃል እንጂ አይቆረጥም፤ በወራት ውስጥም ራሱ ይድናል። የተጎዳ ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ትዕግሥት ይጠይቃል። ከተቆረጠ ግን ሐኪም በማይክሮስኮፕ እያየ ይሰፋዋል፤ ክፍተት ካለው ከእግር በተወሰደ ነርቭ ይቀጥለዋል። ብዙ ከተዘገየ ጡንቻው መንምኖ ይቀራል።

ስለዚህ ክንዱን ሳናሽና ሳንጎትት ደግፈን ወደ ሆስፒታል እንውሰድ። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ በማሰሩ ደም ተቋርጦባቸው እጃቸውን ያጡ በአገራችን ጥቂት አይደሉም። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ወዲያው ይላላ። ነርቩ እስኪመለስም አንጓው በድጋፍ ቀና ብሎ ይያዝ፤ ጣቶቹንም በደህናው እጅ በየቀኑ ማንቀሳቀስ አይዘንጋ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።